የነሲባ የማሽላ ጉድጓድ

ነሲባ ከሱብሂ ሶላት ጀምራ አልተቀመጠችም። ከጓሮ ወደ በር፣ ከበር ወደ ጓሮ ትመላለሳለች። ለዚህ ሁሉ የዳረጋት የገዛ ምላሷ ነው።

ባለፈው ሳምንት በልጅ ልጇ በኢክራማ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ነበር። ጌዲዮን የሚባል የአስጎብኚ ድርጅት ሰው ልጆቹን በአውቶቡስ ላሊበላ አድርሼ ልመልስ እያለ ወላጁን ያማልላል። የታሪክ መምህሯ ሔዋን «ታሪክ እዚሁ ሮቢት አለ፤ ልጆቹ በእጃቸው ይንኩት» ብትል ሰሚ አጣች። ይሄኔ ነሲባ ብድግ አለች።

«አንተ ልጅ፣ አቁመህ አትንኩ እያልክ አሳይተህ ልትመልሳቸው አይደል? እኔ ጓሮ አባቴ እህል ሊያከማችበት የቆፈረው የማሽላ ጉድጓድ አለ። ይምጡና ይግቡበት!»

ተጨበጨበላት። ቤቷ ስትደርስ ግን በተናገረችው ተጸጸተች። ጉድጓዱ ግርጌ ያለው ማሽላ ቁርጭምጭሚት አይሸፍንም። በቆላው የሰው ጉድጓድ አጮልቆ ማየት ነውር ነው፤ ስንት እንዳለ የሚያውቁት ባለቤቱና አላህ ናቸው። የነሲባ ደግሞ ሙሉ ነው እየተባለ ነው የኖረው። ተደፍኖ የከረመ ጉድጓድ አየሩ ሰው ስለሚገድል ከማታው ተከፍቶ ማደር ነበረበት። እሷ ግን ጎረቤት እንዳያይባት ብላ መክደኛ ድንጋዩን ያነሳችው ዛሬ ጎህ ሲቀድ ነው። ልጆቹስ? በጨለማ ምን ያያሉ ብላለች።

ረፋድ ላይ ጓሮው በተማሪ ተጥለቀለቀ። ኢክራማ ሂጃቧን አጥብቃ ወደ ጉድጓዱ ከወረደው መሰላል አጠገብ ትዘላለች። «እናዬ፣ መጀመሪያ የምገባው እኔ ነኝ!»

«እንደ ፌንጣ አትዝለይብኝ፤ ቁሚ!»

ነሲባ አየሩን ልትፈትን ኩራዝ ለኩሳ በገመድ አወረደች። መብራቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ ጭል ጭል አለና ጠፋ። አውጥታ ለኮሰችው፤ ደግሞ ጠፋ።

«ነፋስ ይሆናል፣ እማማ» አለች ሔዋን ሰዓቷን እያየች። «ቶሎ ገብተው ይውጡ፤ ረፈደብን።»

ኢክራማ አንድ እግሯን መሰላሉ ላይ አሳረፈች። ነሲባ ክንዷን አፈፍ አድርጋ ወደ ኋላ ጎተተቻት።

«ነፋስ መሬት ሆድ ውስጥ ምን ይሠራል? መብራቱን ያጠፋ አንቺን ይምራል? ትናንት መክፈት ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልከፈቱትም?» አለች ሔዋን።

የፈራችው ይሄን ነበር። ዞር ብላ አጥሩን አየች፤ ጎረቤቷ ዚነት ጆሮዋን ሰጥታ ቆማለች።

«ጎረቤት እንዳያይብኝ! ባዶ ነው፤ ወላሂ ባዶ ነው! ሰማሽ ዚነት?»

አንድ ልጅ ሳቀ።

«ሳቅ አንተ! እየሳቅክም ቢሆን ና ገመዱን ያዝ።»

ጋቢዋን ገመዱ ጫፍ ላይ አስረው እያወረዱ እያወጡ አየሩን አማሰሉት። እጅ ሲዝል ሌላው እየተቀበለ፣ ተሻምተው። ሔዋን ስልኳን አውጥታ ለትምህርት ቤቱ እንደሚዘገዩ ተናገረች። ነሲባ በየመሃሉ ኩራዙን ታወርዳለች፤ ሲጠፋ ትራገማለች፤ ደግሞ ትለኩሳለች። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ መብራቱ ግርጌ ደረሰና ሳይጠፋ ቆየ። ጠበቁት። አሁንም አለ።

«አሁንስ እናዬ?»

«አሁን እኔ።»

ሔዋን ልትከለክላት ብትሞክር አልሰማችም። ጉልበቷ እየተንቋቋ፣ ቢስሚላህ እያለች ወረደች። ቀና ስትል ያ ሁሉ ጭንቅላት የጉድጓዱን አፍ ከቦ ቁልቁል ያያል። ኩራዙም ያቺኑ እፍኝ የማትሞላ የምትመስል ማሽላ ቁልጭ አድርጎ አውጥቷታል።

«ምን ታፈጣላችሁ? ያለኝ ይሄ ነው» ብላ ጮኸች። «ግድግዳው ላይ የአባቴ ዶማ ያረፈበት ግን እንዳለ ነው፤ መጥታችሁ ዳስሱት። ኢክራማ፣ ውረጂ! ማሽላዬን እንዳትበትኚብኝ ብቻ!»