በበረኪና የታጠበ ዘር

ስሚኝማ የኔ ቆንጆ፣ ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ራሴው ልንገርሽ፤ በረኪናውን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። እማዬ "አንድ ክዳን" አለችኝ፣ እኔ ደግሞ የማውቅ መስሎኝ ሦስት አደረግኩት።

ዘሩ የጀሊላ ነው። ያቺ የወንድሜ የሐቢብ ሚስት፣ ከቀይረዋን ገጠር መጥታ እዚህ ቆርባ ከተማ ከገባች ገና አራት ወሯ። እናቷ ባለፈው ዓመት ሞቱ። ከሳቸው የቀራት አንድ ቋጠሮ የበርበሬ ዘር ነው፤ ያንን በርበሬ ሌላ የሚዘራው ሰው የለም። እናቷ ዘር አያጥቡም ነበር፣ ከነጭማቂው አድርቀው ይቋጥሩታል። እማዬን ደግሞ ታውቂያታለሽ፣ የበር እጀታ ሳይቀር በበረኪና ነው የምትወለውለው። ቋጠሮውን በሁለት ጣቷ አንጠለጠለችው።

"ምንድነው ይሄ? የአይጥ ኩስ?"

"ዘር ነው እማማ። እናቴ እንደዚሁ ነበር የምትዘራው።"

"እናትሽ ነፍሳቸውን ይማርና ውሃ አልነበራቸውም። እኛ አለን።"

ጀሊላ ፊቷ ቀላ። አንድ ቃል ብትመልስ "ባላገር" ልትባል ነው። ሳህኑን ራሷ ያዘችልኝ፣ እኔ አፈሰስኩ።

ጓሮ መደብ ላይ ዘራችው፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን በቀለ። ደስታዋን ብታዪ! ሐቢብን ከእንቅልፉ ጎትታ አሳየችው። በሳምንቱ ግን ችግኙ ከአፈሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ እየቀጠነ፣ እየጠቆረ፣ ተራ በተራ ተኛ። መደቡ ሙሉ! ጫፍ ላይ ሦስት ብቻ ቀጥ ብለው ቆመዋል። እዚያ ቁጭ ብላ ዘሩን ስትለቅም፣ ገና ሳይታጠብ፣ ከእጇ ያመለጡ ናቸው።

"አላልኩም? ድሮም የሞተ ዘር ነው" አለች እማዬ።

ጎረቤታችን መምህር ፈውዚ እርሻ ትምህርት ቤት ነው የሚያስተምሩት። አጎንብሰው አንዱን ነቀሉና "በምን አጠባችሁት?" አሉ።

"በበረኪና" አልኩ።

"ልጄ፣ ዘር ቆዳው ላይ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት ይዞ ነው የሚመጣው። ክፉም አላቸው፣ ደግም አላቸው። ደጎቹ ለጨቅላው ሥር ዘበኛ ናቸው፣ የአፈሩን ሻጋታ አያስጠጉም። ዘበኞቹን ፈጃችኋቸው።"

እማዬ ሳቀች። "ቆሻሻ ነው የሚጠብቀው በሉን እንጂ!"

ሐቢብ ስልኩን እየነካካ "ተዉት በቃ፣ ነገ ከሱቅ የታሸገ እገዛለሁ" አለ። ያኔ ጀሊላ ያየችው አስተያየት... እኔን እንደዚያ ማንም አይየኝ።

በማግስቱ እማዬ መደቡን ልታጸዳ ባልዲዋን አንስታ ወጣች። ጀሊላ ቀድማታለች። ሦስቱን ከነአፈራቸው በሾርባ ማንኪያ አንስታ የቲማቲም ቆርቆሮ ውስጥ አስገብታለች።

"አገር ቤት ያለውን ወንድሜን ጠይቄ እመጣለሁ" አለች። ሻንጣዋን ግን አይቼዋለሁ፤ የክረምት ካፖርቷንም ይዛለች።

ታክሲ ተራ ድረስ እየሮጥኩ ተከተልኳት። እዚያ ቤት እኮ ከእኔ ሌላ ጓደኛ አልነበራትም።

"ጀሊላ፣ በእናትሽ ይቅርታ!" አልኳት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ምላሴን ነከስኩ። "ቆይ፣ የት ልትተክያቸው ነው?"

ቆርቆሮውን ጉያዋ ውስጥ ሸሸገችና እንዲህ አለችኝ፣ ቃል በቃል፦

"የእናንተ ንጹሕ እጅ በማይደርስበት። ያንቺም ጭምር።"