የሁለት ቤት መብራት

ሰቦቃ ጆሮውን በግራው ስፒከር ላይ ለጥፎ ትንፋሹን ዋጠ። ድምፁ አልሄደም። ጣሳ ውስጥ እንደተዘጋባት ንብ ጥዝዝ ይላል። መዝሙር አልተከፈተ፣ ማንም አልነካው፣ ዝም ብሎ ጥዝዝ። ወደ ቀኙ ዞረ። እሱም ያው ነው።

"ቅዳሜ ደህና አልነበራችሁም?" አላቸው፣ ሰው እንደሚወቅስ ሁሉ።

ቅዳሜ ደህና ነበሩ። እሑድ ሰቦቃ ጎሬ ለቅሶ ሄዶ ሲውል ክፍሉን የከፈተው ወንድይራድ ብቻ ነው። በማግስቱ ይህ ጥዝዝታ መጣ። ዛሬ ደግሞ የሁሩሙ መዘምራን መሪ የመጀመሪያ አልበማቸውን ሊሰሙ ይመጣሉ። ከወደዱት ሁለተኛውንም እዚሁ መቱ ይቀርጻሉ። ካልወደዱት ጅማ ይሄዳሉ፤ ወሬውም ሁሩሙና ያዮ ላሉት መዘምራን ሁሉ ይደርሳል። ጥዝዝታው ቀረጻው ውስጥ እንዳልገባ ሰቦቃ በጆሮ ማዳመጫ አረጋግጧል። ግን ይህን ለሽማግሌ እንዴት አድርጎ ያስረዳል?

ስቱዲዮው ከእናቱ ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳዋን የእንቁላል ካርቶን ለጥፎባት፣ በላዩ አሮጌ ብርድ ልብስ ሰቅሎባታል። ስፒከሮቹን ከወንድይራድ ጋር በጋራ ነው የገዟቸው። ወንድይራድ ኪቦርድ ይጫወታል፤ ከትምህርት ቤት ጀምሮ አይለያዩም። በቅርቡ ግን ከመሬት ተነስቶ "እነዚህን ሸጠን አነስ ያሉ ብንገዛስ?" አለው። ያን ሰሞን ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ ስቱዲዮ ሊከፍት ከበደሌ ከመጣ ሰው ጋር ሻይ ሲጠጣ ታየ ተባለ። ሰቦቃ ሁለቱን ወሬና የእሑዱን ቁልፍ አንድ ላይ ሲያስባቸው ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ስፒከሮቹ ተበላሽተዋል ከተባለ የሰቦቃን ድርሻ በርካሽ ሊጠቀልል ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

ኬብሎቹን አንድ በአንድ ቀያየረ። ሳውንድ ካርዱን ነቅሎ መልሶ ሰካው። የስፒከሮቹ ትንሽ ሰማያዊ መብራት ስለበራ ኤሌክትሪኩን አልጠረጠረም። የጠረጠረው ሰውን ነው።

እናቱ ሻሽቱ በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አንገታቸውን አሰገጉ። እግራቸው ግን ደፉን አላለፈም።

"አሁንም ይጮኻል?"

"ይጮኻል፣ አዮ።"

"ወንድይራድ ይምጣና ይየው።"

"እሱማ አይቶታል። የእሱ ማየት ነው የጎዳን።"

እናቱ አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ሰቦቃ ይህንንም ታዘበ። እሷም ታውቃለች ማለት ነው?

የመዘምራኑ መሪ ጋሼ አራርሳ ከተጠበቁት ቀደም ብለው ደረሱ። ዘማሪዋ ኢሊሊ ተከትላቸዋለች። ጋሼ ሱሪያቸውን እያራገፉ "ከሁሩሙ እስከዚህ የሰው ማር ታቅፌ ነው የመጣሁት" አሉ። "ሾፌሩ 'ጋሼ፣ እርስዎ ጉልበት ላይ ይሻላል፣ አይፈስም' አለኝ። ጉልበቴ ግን ይኸው ተጣብቋል።" ሳቁና ወደ ክፍሉ ገቡ። ወዲያው ሳቁ ቆመ።

"ይሄ ምንድን ነው? ወፍጮ ቤት ጎረቤት መጣላችሁ?"

"በአራት ድምፅ ዘምረን ሄድን፣ አምስተኛ ጨመሩልን" አለች ኢሊሊ።

ሰቦቃ ጋሼን ክንዳቸውን ይዞ ወደ ጓሮ አወጣቸው።

"ጋሼ፣ መዝሙሩ ንጹሕ ነው። ዕቃዬን የነካብኝ ሰው አለ።"

"ማን?"

"አብሮኝ የሚሠራው ልጅ። ሌላ ስቱዲዮ ሊገባ ነው መሰለኝ።"

"መሰለኝ ነው ወይስ አየህ?"

"ያየ ሰው አለ።"

ጋሼ አራርሳ ራሳቸውን በቀስታ ነቀነቁ። ሻሽቱ እንግዶቹን ሻይ ሊያቀምሱ ወደ ዋናው ቤት ወሰዷቸው።

ወንድይራድ በሩ ላይ ሲደርስ ያልበው ነበር። "መጡ እንዴ? ከውጭ ድምፃቸውን..." ብሎ አቋረጠው። ጆሮውን ቀሰረ። "ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"አንተ ታውቃለህ።"

"እኔ ከየት አውቃለሁ?"

"ማን ይወቅልህ ታዲያ?"

ወንድይራድ አልፎት ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ስልኩን አወጣና ኬብሉን ከሳውንድ ካርዱ ነቅሎ ስልኩ ላይ ሰካ። ክፍሉ ጸጥ አለ። "ስፒከሮቹ ጤነኛ ናቸው።" ኬብሉን መለሰው፤ ጥዝዝታው ተመለሰ። ይህን ጊዜ የላፕቶፑን ቻርጀር መዘዘ። ድምፁ በቢላ እንደተቆረጠ ቆመ። ሰካው፤ መጣ። ነቀለው፤ ሄደ።

ሰቦቃ የወንድይራድን እጆች እያየ ነበር። እንዲህ በፍጥነት የሚያገኘው ራሱ ያስቀመጠውን ቢሆን ነው።

"ገባኝ" አለ ወንድይራድ ግንባሩን እየመታ። "ላፕቶፑና ስፒከሮቹ በሁለት መብራት እየሠሩ እኮ ነው! አንዱ ከአንዱ ቤት፣ ሌላው ከሌላው። በኬብሉ ተገናኝተው እርስ በርስ ይጮኻሉ።"

"የምን ሁለት ቤት?"

ወንድይራድ ቻርጀሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ።

"የምን ሁለት ቤት ነው የምልህ?"

"ቻርጀሩ በእናንተ መስመር ነው፤ ስፒከሮቹ ግን በእትዬ ጥሩአየሁ መስመር ላይ ናቸው።"

በሰፈሩ የእነሱ ቤትና የጎረቤታቸው የጥሩአየሁ ቤት መስመር የተለያየ ነው። የአንዱ መብራት ሲጠፋ የሌላው ይቆያል። ስለዚህ ካለፈው ክረምት ጀምሮ በአጥሩ ላይ የተወረወረ ሽቦ በመስኮቱ ገብቶ ከመጋረጃው ኋላ ተቀምጧል፤ መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው የሚነካው። ሰቦቃ መጋረጃውን ገለጠ። የስፒከሮቹ ገመድ እዚያ ተሰክቷል።

"ማን አዛወረው?"

"እኔ።"

"እሑድ።"

"አዎ፣ እሑድ።"

"ይኸው! ራስህ አመንክ!"

"እኔ ነኝ አዛውር ያልኩት" የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ። ሻሽቱ ባዶ ትሪ ይዘው ቆመዋል። ይህን ጊዜ ደፉን ተሻገሩ። ከጠረጴዛው ኋላ ብርድ ልብሱን ገልጠው የግድግዳውን ሶኬት አሳዩት። ግማሹ ቀልጧል። ዙሪያው ያለው የእንቁላል ካርቶን ጠቁሯል።

"ቅዳሜ ማታ ዝናቡ በግድግዳው ገብቶ ብልጭ ሲል አየሁት። ክፍልህ ከነንብረትህ ይነድ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ለእኔ አትነግሪኝም?"

"ለካውያ ብዬ ኮምፒውተርህን የነቀልኩ ዕለት ምን አልከኝ? 'ሁለተኛ እዚህ ክፍል እግርሽ እንዳይገባ' አላልከኝም? ብርድ ልብሱን ላጥብልህ ብዬ ተደብቄ ነው የገባሁት። ለእሱ ነገርኩት። እንዳይነግርህም አስማልኩት።"

"ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እስካመጣ ብዬ ነው" አለ ወንድይራድ። "ድምፅ ከፍቼ ባየው ኖሮ እሰማው ነበር። ቸኩዬ ሄድኩ።"

ሰቦቃ የሚከራከርበት ነገር ፈለገ። "ስፒከሮቹን እንሽጥ ያልከውስ?"

"ለዚህች ክፍል ትልቅ ስለሆኑ ነዋ! ግድግዳው ከመዘምራኑ በላይ ይዘምራል አላልኩህም?"

"የበደሌውስ ሰውዬ?"

ወንድይራድ አንገቱን ደፋ። "አብረን እንሥራ አለኝ። እንቢ አልኩት።"

"ይህንንም ደበቅከኝ?"

"ብነግርህ ምን ታስብ ነበር? አሁን እንኳ እንዴት እያየኸኝ እንደሆነ ራስህን ባየኸው።"

ሻሽቱ ትሪያቸውን ታቅፈው ወጡ። ወንድይራድ ዲቫይደር ፈልጎ ሁሉንም፣ ቻርጀሩንም ስፒከሮቹንም፣ በጥሩአየሁ መስመር ላይ ብቻ ሰካ። ሰቦቃ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አስጠጋ። ምንም የለም። የራሱን የደም ሥር ትርታ ብቻ ሰማ።

እንግዶቹ ተጠርተው ተቀመጡ። መዝሙሩ ተከፈተ። ኢሊሊ የራሷን ድምፅ ስትሰማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ከዚያ በአንድ ዓይኗ ብቻ ብቅ አለች። ጋሼ አራርሳ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ማሩን ረስተው፣ እስከ መጨረሻው አልተነቃነቁም። ሲያልቅ "ድገመው" አሉ። ተደገመ።

ሊሄዱ ሲነሱ ጋሼ ሰቦቃን በትከሻው ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱት። ወንድይራድ ውስጥ ኬብል እየጠቀለለ ነው፤ ጣቶቹ በጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሲያልፉ አሁንም ዜማውን ይጫወታሉ።

"ሁለተኛውንም እዚሁ እንቀርጻለን" አሉ ጋሼ። "የመዘምራኑን ኮሚቴ እኔ አሳምናለሁ። ያ ልጅ ግን መዝሙራችንን አይንካብን። የነገርከኝን ለኮሚቴውም፣ ለያዮዎቹም እነግራቸዋለሁ። እንዲህ ያለ ሰው መታወቅ አለበት።"

"እሺ ጋሼ" ማለት በቂ ነበር። ወይም ቆይቶ፣ በስልክ፣ ተሳስቼ ነው ማለት ይቻላል። ወንድይራድ መቼም አይሰማም። ዝም ካለ ጋሼም 'በውሸት ሰው የሚያማ ልጅ ነው' ብለው ሁለተኛውን አልበም ጅማ አይወስዱበትም።

"ጋሼ፣ ማሎ፣ እባክዎ ትንሽ ይቆዩልኝ" አለ ሰቦቃ።

ከዚያ ወደ ክፍሉ ዞሮ ተጣራ።

"ወንድይራድ! ኬብሉን ተወውና ና። ስለ አንተ ለጋሼ የነገርኳቸው ነገር አለ፤ ቆመህ ስማው።"