የስለቱ በሬ ገበያ የወጣ ቀን

በ1977 ዓ.ም. ህዳር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ጨፋ ሮቢት አጠገብ ያለው የፈረጅ ቤት በአንድ በሬ ምክንያት ለሁለት ተከፈለ። ቦራ የሚባለው ይህ በሬ ከሦስቱ የተረፈ ብቸኛው ነበር። አምና ፈረጅ በወባ ተይዞ ሊሞት ሲያጣጥር፣ እናቱ ኡምኩልሱም "ከዳነልኝ ለመውሊድ በሬ አርዳለሁ" ብላ ተስላ ነበር። ልጇ ዳነላት። ዘንድሮ ግን ዝናቡ ቀረና ማሽላው እንደቆመ ደረቀ፤ ጎተራውም ባዶውን ቀረ።

የፈረጅ ሚስት መድና ነገሩን አዙራ አልተናገረችም። በሬው ስጋ ሳለው ፈረጅ ሰንበቴ ገበያ ወስዶ ሸጦ እህል ይግዛበት፤ ስለቱን አላህ በደህና ዓመት ይቀበለናል አለች። የስምንት ዓመቷ ሀጀራ ከጠዋት እስከ ማታ "እማ፣ ራበኝ" ማለቷን ትታ ዝም ማለት ከጀመረች ሰንብታለች፤ መድናን ያስፈራት ይኸው ዝምታ ነው።

"ስለቱ የበሬ አይደለም፤ የልጄ ነው" አለች ኡምኩልሱም።

ፈረጅ ሦስት ቀን አሰበ። በአሥር ዓመት ትዳራቸው በእናቱ ላይ ለሚስቱ አድልቶ አያውቅም። በአራተኛው ቀን ጠዋት ተነስቶ ቦራን ፈታና፣ ከጎረቤቱ ከአደም ጋር የሰንበቴን መንገድ ያዘ። በማግስቱ ሁለቱም ነገር ይገጥማል፤ ገበያውም ሰንበቴ ይውላል፣ መውሊዱም በሼሁ ግቢ ይከበራል። ሸጦ እህሉን በመኪና ጭኖ፣ ለከሰዓቱ የአስር ሶላት መውሊዱ ላይ እንደሚደርስላቸው ነግሯቸው ሄደ። መድና ከደጃፍ ቆማ ስትሸኘው ልቧ በደስታ ሞቀ፤ አሸነፍኩ አለች በሆዷ። በኋላ ዘመን ከሁሉ የሚያሳፍራት ይህችው ደስታ ሆነች።

በመውሊዱ ቀን ሦስቱ ሴቶች ማልደው ተነሱ። ከዋዜማው እንሶስላ የታሰረው የሀጀራ መዳፍ ቀይ ሆኖ አድሯል፤ ልጅቱ እያገላበጠች ታየዋለች። ኩል ተኳሉ፣ ያለቻቸውን ልብስ ለበሱ፣ ኡምኩልሱም አህያዋ ላይ ተቀመጠችና የጨፋን ሜዳ አቋርጠው ቦርከና ወንዝ ደረሱ። ወንዙ ያን ዓመት እንኳን ሰው ሊወስድ ጉልበትም አያረጥብ። አህያዋ ግን መሃል ላይ ስትደርስ ቆመች። ሀጀራ ከኋላ ብትገፋ፣ መድና ከፊት ብትስብ፣ ወይ ፍንክች። ትንሽ ቆይታ ጉልበቷን አጠፈችና ውሃው ውስጥ ተኛች። ኡምኩልሱም ከነነጠላዋ ጭቃው ላይ ተዘረፈጠች። መድና ትንፋሿን ይዛ የአማቷን ፊት አየች። አሮጊቷ ግን አህያዋን ትክ ብላ አይታ፣ "አንቺም ስለት አለብሽ እንዴ?" ብላ በሳቅ ፈረሰች። ሦስቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከስንት ወር ወዲህ በዚያ ቤተሰብ የተሳቀው ያን ቀን ነበር።

ሼሁ ግቢ ሲደርሱ ድቤው ይመታል፣ መንዙማው ደምቋል፣ ከወትሮው ግማሽ የማይሆን ሰውም ቢሆን በነቢዩ ላይ ሰለዋቱን አንድ ላይ ያወርዳል። ሁለት ከብት ታርዶ ነበር። በዚያ መሃል ሀጀራ ጠፋች። መድና በሴቶቹ ዳስ፣ በእንጨት ፈላጮቹ፣ በጫማው ክምር ዘንድ ሁሉ ፈለገቻት። በመጨረሻ ከድስት ወጥ ከሚያወጡት ሴቶች አጠገብ አገኘቻት፤ አጥንት በሁለት እጇ ይዛ፣ አፏ እስከ ጆሮዋ በስብ ወዝቶ፣ ተቀምጣ እንቅልፍ ወስዷታል። መድና ልትቆጣ መጥታ ጎኗ ቁጭ አለች።

ኡምኩልሱም አፍራ ሼሁ ፊት ቀርባ፣ ስለቷን እንዳላደረሰች ተናዘዘች። እሳቸውም የራበው ሰው በሬውን ሸጦ ልጁን ቢያበላ ሀጢአት እንደሌለበት ነግረው መረቋት። ያንን የሰማች ጊዜ መድና ከትከሻዋ ሸክም የወረደላት መሰላት። የአስር ሶላት ደረሰ፤ ፈረጅ አልመጣም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የመጣችው የአደም ሚስት ዘሊካ ነበረች፤ ከመኪና መንገድ ወዲህ በሩጫ።

የሰንበቴ ከብት ተራ በመንግሥት ታጣቂ ተከቦ ነበር አለቻቸው። ወንዱን ሁሉ እየነዱ መኪና ላይ ጭነውታል፤ ለም መሬት ላይ ትሰፍራላችሁ ተብለዋል። አደምም ፈረጅም ሄደዋል። የበሬውን ነገር የሚያውቅ የለም።

መድና በማግስቱ ሰንበቴ ወረደች፤ መኪኖቹ የሉም። ከሚሴ ወጣች፤ ከቢሮ ቢሮ አመላለሷት። አንድ ጸሐፊ መዝገብ ገልጦ ጣቱን ስም ላይ አሳረፈና፣ ባሏ ለሰፈራ በፈቃዱ የተመዘገበ መሆኑን አስረዳት። ፈረጅ መጻፍ አይችልም ነበር፤ ከስሙ ጎን ግን ፊርማ ነበረበት።

ከዚያ ሦስት ዓመት አለፈ። ሀጀራ ከእርዳታው ዱቄት እየቀመሰች ተረፈች። ኡምኩልሱም ምራቷን አንድ ቀን አልወቀሰቻትም፤ አላጽናናቻትምም። አብረው ይፈጫሉ፣ አብረው ያርማሉ፣ የፈረጅን ስም የሚያነሳ ግን የለም።

በ1980 ታህሳስ ማሽላ ሲታጨድ አደም መጣ። አሶሳ ከሚባለው ሰፈራ አምልጦ፣ ወር ሙሉ በእግሩ ተጉዞ ነው፤ ዘሊካ እንኳ በድምፁ ነው የለየችው። ውሃ እንደጠጣ ወደ ፈረጅ ቤት ገባ።

"ሙጫ ኮ፣ ልጄ፣ አለ ወይ?" አለች ኡምኩልሱም ኦሮምኛ ቀላቅላ።

"አለ። ደህና ነው።"

አሮጊቷ እዚያው መሬት ላይ ሱጁድ ወረደች። መድና ግን አደምን አየችው።

"ለምን አብሮህ አልመጣም?"

"አብረን ልንወጣ ተማክረን ነበር። በመጨረሻዋ ቀን ቀረ።"

"ታሞ?"

"አልታመመም።" አደም አንገቱን ደፋ። "እዚያ ሚስት አግብቷል፤ ወልዳለታለች። ለእናቴ አለሁ በልልኝ ነው ያለኝ።"

"ለኔስ?"

"እኔን ስትጠብቅ ዕድሜዋን አትፍጅ፤ ፈትቻታለሁ በልልኝ ብሏል። አላህ ምስክሬ ነው፣ ይህን ይዤ መምጣት አልፈለግኩም።"

ወሬው መንደሩን ሲያዳርስ አፍታም አልቆየ። ሴቶቹ እልል እያሉ ወደ ቤቱ ሲጎርፉ፣ ኡምኩልሱም የመድናን እጅ ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደቻት።

"ለዛሬ ብቻ ፍቺውን አትንገሪያቸው። ደስታዬን ሙሉውን ልየው።"

"ሦስት ዓመት እኔ ነኝ የገደልኩት እያልኩ አድሬያለሁ" አለች መድና። "አንድ ቀን እንኳ አንቺ አይደለሽም አላልሽኝም።"

አሮጊቷ ዓይኗን አላሸሸችም። "እኔም እንዲያ ነበር የማስበው" አለች።

መድና ነጠላዋን አስተካክላ ገባች። ቂጣ ቆረሰች፣ ንፍሮ አቀረበች፣ እያንዳንዷ ሴት አንገቷን አቅፋ "ባልሽን ለቤቱ ያብቃልሽ" ስትላት "አሚን" አለች። በማግስቱም አልሄደችም፤ የተዘራው በእሷ ጉልበት ነበርና አጭዳ፣ ወቅታ፣ ከማሽላው ግማሹን ለአሮጊቷ ጎተራ ውስጥ ከተተችላት። ከዚያ ሀጀራን ይዛ ከሚሴ ወደ ወንድሟ ወደ ቃሲም ቤት ሄደች።

እዚያም በርበሬ እየቸረቸረች ኖረች። ሰው ስለ ባሏ ሲጠይቃት "አለ፣ ደህና ነው" ትላለች። ሞቷል ብትል ይቀላት ነበር።