ሦስት ነፍስ ያለው ጀግና

ቆንጅት በታላቅ ወንድሟ በአባይነህ ላይ አርባ ዓመት ሙሉ ቂም ይዛለች። ማንበብ ሳይሆንላት ከሦስተኛ ክፍል ካቋረጠች በኋላ፣ ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ከነበረው ቤታቸው ደጃፍ ተቀምጦ የአንድ ጀግናና የዘንዶ ታሪክ ያለበት መጽሐፍ ያነብላት ነበር። ዘንዶው ሲናገር ድምፁ እንዲጎላ ባዶ የቲማቲም ጣሳ አፉ ላይ ይደፋል። አንድ ቀን ጀግናው ወደ ዘንዶው ጉድጓድ ሲገባ መጽሐፉን ዘጋና «ቀሪውን ራስሽ አንብቢው» አላት፤ እንደማትችል እያወቀ።

ዛሬ ያ ቤት ፈርሷል፤ የአባይነህም ዓይን ደክሟል። ቆንጅት ግን አዝራር መሸጫ ሱቋ ውስጥ ተቀምጣ በስልኳ የሚተረክ መጽሐፍ ታዳምጣለች። ርዕሱን «የጨዋታ ዓለም» ሲሏት የወግ ጨዋታ መስሏት ነበር የከፈተችው። ለካ የመጽሐፉ ጀግና ኮምፒውተር ጌም ውስጥ ገብቶ ሦስት ነፍስ፣ ማለትም ሦስት የመሞት ዕድል፣ የተሰጠው ሰው ነው። የመጀመሪያዋን ገና ከበሩ ሳያልፍ አውራ ዶሮ ሲነጥቀው ሳቋን መግታት አቃታት።

ቅዳሜ ስልኳን ይዛ ወንድሟ ቤት ሄደች። አብረው ሲስቁ ቆዩና፣ ጀግናው በመጨረሻዋ ነፍሱ ዘንዶ ፊት ሲቆም ትረካውን አቆመችው።

«ምነው ቆንጂ?»

«ቀሪውን ራስህ አንብበው፣ ወንድም ጋሼ።»

አባይነህ ነገሩ ገባው። «ያ መጽሐፍ እኮ መጨረሻው የተገነጠለ ነበር። መጨረሻውን አላውቀውም ማለት አሳፍሮኝ ነው።»

«አርባ ዓመት?»

«አርባ ዓመት።»

ቆንጅት ተነሥታ ከጓዳ ባዶ ጣሳ አመጣች። ድምፁ እንዲጎላ ስልኩን እውስጡ አቆመችና ትረካውን አስቀጠለችው።