የትነበርሽ ለገዛ ልጇ ሽማግሌ ላከች

ሽማግሌ የሚላከው ልጃገረድ ለማጨት፣ የተጣላ ለማስታረቅ፣ ሲብስም ደም ለማድረቅ ነው። ለገዛ ልጇ ሽማግሌ የላከች እናት ግን እኔ እስከማውቀው ድረስ የትነበርሽ ብቻ ናት። ጎረቤቴ ናት፣ እምቢ ማለት አይቻልም። «ጋሼ እንግዳ፣ ሆዳያ በሚቀጥለው ሳምንት መጀመሪያ ሴራሊዮን ልትሄድብኝ ነው። ኢቦላ ወዳለበት! አስቀሩልኝ» አለችኝ። ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

ጓደኞቼን አዳሙንና አብተውን ይዤ ሄድኩ። ሦስታችንም አፉላ ኢሊት የሚባል ሰፈር የምንኖር ጡረተኞች ነን፤ የሕንፃው አሳንሰር ደግሞ እንደ እኛ ጡረታ ወጥቷል። አዳሙ ደረጃውን ሲወጣ ጉልበቱን እየረገመ፣ «ይህን ሁሉ ወጥቼማ ልጅቱ ሴራሊዮን ይቅርና ሃይፋም አትሄድ!» አለ።

በሩን የከፈተችልን ራሷ ሆዳያ ናት። እዚሁ ተወልዳ እዚሁ የተማረች ልጅ ናት። እናቷ ስለ ሥራዋ ስትጠየቅ «ታማክራለች» ትላለች፤ እኔም ብዙ ጊዜ ባንክ ውስጥ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ወረርሽኝ በገባበት አገር ሐኪምና ሕዝብ ሲጣላ መሃል ገብታ ታደራድራለች። በዚህ አገር ቋንቋ፣ በዕብራይስጥ፣ ማሳ ኡማታን ይሉታል። እኛ ሽምግልና እንለዋለን፤ ልዩነቱ እኛ ደሞዝ የለንም።

«ሻሎም፣ ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች።

አልተቀመጥንም። ደንቡ ነው፤ የተላከ ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ ምንም አይቀምስም። የቆመ ሽማግሌ ያስጨንቃል። ስንቱ አንገተ ደንዳና አባት በዚህ ዘዴ ተረትቶ ልጁን ድሯል! ሽማግሌ ተቀመጠ ማለት ደግሞ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ሆዳያም ይህን እያየች አድጋለችና ፈገግ አለች።

«ሬጋ፣ ሬጋ፣ ቆዩ እስቲ። እማ ናት የላከቻችሁ? ቤሴደር፣ ግድ የለም። ታላላቆቼ ቆመው እኔ አልቀመጥም» ብላ ፊት ለፊታችን ቆመች።

እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞን አያውቅም። ሦስት ሽማግሌና አንዲት ልጅ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ ሰው ተገትረን ቀረን። አብተው ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ካለው ብስኩት አልነቀለም። የትነበርሽ ወጥ ቤት ገብታ ቧንቧ ከፍታለች፤ ዕቃ የምታጥብ ለመምሰል ነው እንጂ ሳህን ሲንኳኳ አልሰማንም።

አዳሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ ‹ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ› ይባላል። በሽታው ኸያዘሽ በኋላ ብናለቅስ ምን ይረባል?»

«ልክ ነው ጋሼ» አለች። አልተከራከረችም! የሚከራከር ሰው ይሻላል፤ መግቢያ ይሰጥሃል። እሷ ግን ትጠይቃለች። «ከሁሉ የሚያስፈራችሁ ምንድን ነው?»

«መሞትሽ ነዋ!» አለ አብተው፣ ለጊዜው ብስኩቱን ረስቶ።

«ከዚያስ?»

«ኸሞት ወዲያ ደግሞ ምን አለ?»

እዚህ ላይ እኔ ገባሁ። የትነበርሽ የሚያስጨንቃትን ነግራኛለችና። «እናትሽ የፈራችው ሞቱን ብቻ አይደለም። ባዕድ በላስቲክ ጠቅልሎ፣ ስምሽን የሚጠራ ሳይኖር እንዳይቀብርሽ ነው። ታናሽ እኅቷ አመለወርቅ ወደዚህ አገር ስንመጣ ሱዳን መጠለያ ሳለን ታመመች ተብላ ተወሰደች። አልተመለሰችም። መቃብሯ እስከ ዛሬ አይታወቅም።»

የሆዳያ ፈገግታ ጠፋ። «አውቃለሁ» አለች ዝግ ብላ። «እኔም የምሄደው ለዚህ ነው። እዚያ ሐኪሞቹ ሬሳውን ቶሎ ወስደው መቅበር ይፈልጋሉ፤ የነካው ሁሉ ይታመማላ። ቤተሰቡ ደግሞ ሳናጥብ፣ ሳናቅፍ አንሰጥም ይላል፤ ሲከለከል በሽተኛውን ይደብቃል። ሐኪሞቹን እለምናለሁ፣ እናትየዋን እለምናለሁ። ሲሳካልኝ እናትየዋ ራቅ ብላ ትቆማለች። አትነካም፣ ግን ታያለች። ልጇን በስሟ ጠርታ ታለቅሳለች፤ መቃብሯንም ታውቀዋለች። ሥራዬ ይኸው ነው።»

የእኔም እናት ሱዳን ቀርታለች። አይሁድ መሆናችን እንዳይታወቅብን ድምፃችንን አፍነን ነው የቀበርናት፤ እናቴን ሳላለቅስላት ቀረሁ። ይህን ለሰው አላወራም፣ ለሆዳያም አላወራሁም። የሚያመው የአዳሙ ጉልበት ነው፣ ሶፋው ላይ ዘጭ ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

«እንግዳ!» አለ አዳሙ ደንግጦ። «ምን ሆንህ? ተነሥ እንጂ! ተቀመጥህ እኮ!»

«አልነሣም» አልኩት። እንባዬ መጣ፣ አልደበቅሁትም።

አብተው ነገሩ ማብቃቱን አይቶ ከጎኔ ተቀመጠና ብስኩት አነሣ።

የቧንቧው ድምፅ ቆመ። የትነበርሽ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች ወጣች። እኔን ስታይ ፊቷ ተለዋወጠ። «የላክሁዎ እኔ! ማን ነው ተቀመጡ ያለዎ?»

«ልጅሽ» አልኳት።

ወደ ሆዳያ ዞረች። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ፣ «እናትየዋ ምን ያህል ርቃ ነው የምትቆም?» ብላ ጠየቀቻት።

«ከዚህ እስከ ሰገነቱ በር።»

የትነበርሽ የሰገነቱን በር አየችው። ብዙ ቆይታ አየችው።

«ስሟን ስትጠራማ ይሰማል።»

«ይሰማል፣ እማ።»

«አመለወርቅን ሲወስዷት አንቺን የመሰለ አንድም ሰው አልነበረም» አለች። ሆዳያ ልታቅፋት ስትል ግን በእጇ አስቆመቻት። የትነበርሽ ሜታፔሌት፣ የአሮጊቶች አስታማሚ ናት፤ እዚህ አገር ከገባች ጀምሮ የኖረችው የታመሙትን ስታጥብና ልብሳቸውን ስትለውጥ ነው።

«ጓንት ድርብ አድርጊ» አለች። «አንዱ ይቀደዳል። በሽታ የሚያስይዘው ደግሞ ሲያወልቁት ነው፤ ገልብጠሽ ነው የምታወልቂ፣ ውጪው እንዳይነካሽ። ነይ ላሳይሽ» ብላ እጇን ይዛ ወደ ወጥ ቤት ወሰደቻት።