የእግሩ ኖራ

«ቡናውን አንተ አሳልፍ» አለችው ዶኛ ኩካ፣ የሟቹ የሩቲልዮ ታላቅ እህት፣ ትሪውን እያቀበለችው። «መስቀሉን የሚያነሱት ዘመዶች ናቸው።»

አንሴልሞ ተቀበለ። ቤቱም ስኒውም የራሱ ነው። ከሩቲልዮ ጋር ጸጉራቸው እስኪሸብት በኖሩበት ሳሎን ግን ዶኛ ኩካ ለመጣው ለቀስተኛ ሁሉ «ተከራይ ነው» ብላለች። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

የሬሳ ሣጥኑ አርፎበት በነበረው ወለል ላይ በኖራ የተሠራ መስቀል ተኝቷል። ዛሬ፣ በጸሎቱ ዘጠነኛ ቀን፣ አምስት ሰዎች በየተራ ተንበርክከው የመስቀሉን ራስ፣ ሁለት ክንዶች፣ መሃሉን ማለትም ልቡን፣ እንዲሁም እግሩን ጠርገው ያነሱና ኖራውን ወደ መቃብሩ ይወስዱታል።

«ዶኛ ኩካ፣ ልቡን አላልኩም፤ እግሩን ብቻ ይስጡኝ» ሲል ለምኗት ነበር።

«ለቄሱ ምኑ ነው ልበል?»

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። የመስቀሉ እግርም አጎቱ ሩቲልዮ ሆስፒታል ሲተኛ ስልክ እንኳ ላልደወለው ለኤቬራርዶ ተሰጠ።

ትሪውን ሲያዞር ሁለት ጎረቤቶች ይንሾካሾካሉ።

«ሳያገባ ሞተ፣ ምስኪን።»

«የምን ምስኪን! በየዓመቱ በነጻነት በዓል ዋዜማ እዚህ የሚሆነውን አልሰማሽም?»

«ሳልሰማ! ሟቹ ራሱ የላከልኝን ስንግ ቃሪያ እየበላሁ ነበር የምሰማው።»

በዚያ ዋዜማ ሌላው የፑዌብላ ከተማ ሰው ወደ አደባባይ ሲወጣ፣ ቤተሰብ የገፋቸው ወደዚህ ይመጡ ነበር፤ የሚዋደዱ ወንዶች፣ የሚዋደዱ ሴቶች፣ ወንድ ተብላ ያደገችው ጸጉር ሠሪዋ ኦብዱሊያ። ሩቲልዮ የእናቱን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሶ በረንዳ ላይ ይወጣና ደወሉን ይደውላል። ከንቲባው በአደባባዩ ደወል ደውሎ የጀግኖችን ስም ሲጠራና ሕዝቡ «ይኑር!» ሲል፣ እሱ ዘመዶቻቸው አፍረው በዝምታ የቀበሯቸውን ወዳጆች ይጠራል።

«አማዶር!»

«ይኑር!» ይላል ቤቱ በሙሉ።

«ቻቤላ!»

«ትኑር!»

አንሴልሞ ከኋላ ባንዲራ ይይዛል እንጂ ጮኾ አያውቅም።

«እኔ ስሞት የምትጠራኝ አንተ ነህ» ይለው ነበር ሩቲልዮ እየሳቀ። «በዚች የአይጥ ድምፅህ ከሆነ ግን አልሰማህም!»

ዛሬ ያ ዋዜማ ነው። ዶኛ ኩካ «እነዚያ» እንዳይገቡ የታችኛውን በር ቆልፋ ቁልፉን ጡቷ ሥር ሸጉጣለች። ኦብዱሊያና ሌሎቹ ጥቁር ለብሰው መንገዱ ላይ ቆመዋል።

ተራው ሲደርስ ኤቬራርዶ አንድ ጊዜ እያዛጋ፣ አንድ ጊዜ ስልኩን እያየ የመስቀሉን እግር ጠረገ። ጸሎቱ አለቀና ሰው ወደ ምግቡ ዞረ። በወለሉ ሸክላዎች መጋጠሚያ ላይ ግን ነጭ ኖራ ቀርቷል።

አንሴልሞ ትሪውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ተንበረከከ፤ ጣቱን በምራቁ አርሶ ከመጋጠሚያው ኖራውን ለቀመ።

«ኧረ ተው፣ ሰው ያይሃል!» አለች ዶኛ ኩካ።

ተነስቶ የበረንዳውን በር ከፈተ። ከታች ፊቶች ሁሉ ቀና አሉ። የደወሉን ገመድ ይዞ አፉን ከፈተ። ድምፅ አልወጣውም፤ ያቺ የአይጧ እንኳ ከዳችው። ገመዱን ሳበ፤ ደወሉ አንድ ጊዜ ጮኸ።

«ይኑር!» አለች ኦብዱሊያ ከመንገዱ፣ በጎርናና ድምፅዋ። ሌሎቹም ተከተሏት።

አንሴልሞ ከመስቀሉ እግር የለቀመውን ኖራ በጥቁር ሸሚዙ ላይ፣ በልቡ በኩል፣ ቀስ ብሎ ቀባው።