የተመለሰው ሩብ ዙር

የልጅቷ ግራ እግር ከቀኙ በአምስት ሳንቲሜትር ያጥራል። የሰፈሩ ልጆች ስም ሲያወጡላት «ዘንበል» አሏት። እሷም አፏ መች ያንስና፣ «የዘነበለው መሬቱ ነው፣ እኔ ቀጥ ብያለሁ» ትላቸዋለች።

ሐኪሙ እግሯን ሊያስረዝም የግራ ቅልጥሟን አጥንት ቆርጦ፣ ከላይና ከታች የብረት ቀለበት አስሮ፣ ቀለበቶቹን በአራት ባለ ዳዶ ዘንግ አያይዞ ወደ ቤት ላካት። ዳዶዎቹ በቀን አራት ጊዜ ሩብ ሩብ ዙር ይዞራሉ። የተቆረጠው ቦታ በቀን አንድ ሚሊሜትር ይከፈታል፣ አዲስ አጥንት እየተከተለ ይሞላዋል።

አባቷ መካኒክ ነው። «ዳዶ ማዞር እኔን ነው የምታስተምሩኝ?» ብሎ የማዞሪያውን ቁልፍ ከነርሷ ተቀበለ። እንደ ጋራዥ ልማዱም ስንት እንደዞረ ለማየት በየዳዶው ላይ ቀይ ቀለም ጠብ አደረገ።

የመጀመሪያው ሳምንት እንደምንም አለፈ። ከዚያ ጅማቷ ተወጠረ። ቁልፉ በዞረ ቁጥር እግሯን በእሳት የሚጎትቱት ይመስላታል።

«አባዬ ሞትኩልህ! መልሰው! በናትህ መልሰው!»

አንጀቱ አልችል አለ። መለሰው። «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ነገ እናካክሰዋለን።»

ነገም መለሰው፣ ከነገ ወዲያም። እናትየው ከስፌት ቤት ስትገባ «ዞረ?» ትላለች። «ዞሯል» ይሏታል ሁለቱም ባንድ አፍ። መዞሩንማ ዞሯል። መመለሱን የጠየቀ የለም።

በአርባኛው ቀን ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራቱ አንስቶ በማስመሪያ ለካው። ደግሞ ሲለካው አባትየው አላስችል አለው።

«ዶክተር፣ ሲያማት ትንሽ መለስ አደርገው ነበር። ሞተርም ሲከር ላላ ይደረጋል።»

«ሞተር ቆሞ ይጠብቅዎታል። አጥንት ግን አይጠብቅም፤ ይኸው ገጥሟል።»

«ስንት ረዘምኩ?» አለች ዘንበል።

«ስምንት ሚሊሜትር።»

«ለስምንት ሚሊሜትር ነው እንዲህ የጮህኩት? ካልሲ ብደርብ አይሻለኝም ነበር?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ።

ሐኪሙ ምርጫው ሁለት ነው አላቸው። ብረቱን አውልቆ እንዳለች መኖር፣ ወይም በዚሁ ሳምንት አጥንቱን ዳግም ቆርጦ ከአንድ መጀመር። ለዚያ ደግሞ የአባት ፊርማ ያስፈልጋል።

አባትየው ወረቀቱን ገፋው። «አላስቆርጣትም! አንዴ በኔ ጥፋት ተሰቃየች፣ ይበቃታል።»

«በኔም ጥፋት ነው» አለች። «መልስ ያልኩህ እኔ ነኝ። ፈርም አባዬ።»

«ልጄ፣ ያንን ሁሉ እንደገና?»

«ፈርም አልኩህ! የማዞሩን ነገር ግን ለእማዬ ትተዋለህ። ያንተ አንጀት ለዚህ አይሆንም።»

ፈረመ። ስሙ ከመስመሩ ወጣ። ከዚያ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

ሐኪሙም ወረቀቱን ይዞ ሲወጣ ዘንበል የምርመራ አልጋው ላይ ብቻዋን ቀረች። እናቷን አሰበች። እማዬ አንዴ ያዞረችውን፣ ልጇ ቤቱን በጩኸት ብታፈርሰው እንኳ አትመልስም። እስካሁን በድፍረት የተናገረችው ልጅ ጥርሷ መንገጫገጭ የጀመረው ይሄኔ ነው።